ስለ አቧራውና ስለ ወንበሩ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 3 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለምወድሽ የእኅቴ ልጅ ለአገርነሽ፣

ይህ ደብዳቤ ከጣና ዳር ተነሥቶ ጀርመን አገር ያለሽበት እስኪደርስ ብርዱ እንዳይጎዳሽ እየጸለይሁ እጽፍልሻለሁ። እኔና ባለቤቴ ባንቺአየሁ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል። ባንቺአየሁ «ልጄ በደንብ ትብላ በልልኝ» ብላለች፤ ሳልጽፍ ብቀር ማወቋ አይቀርም፣ ጻፍሁ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው ዓመት ለዓሣ ልማት ጽሕፈት ቤታችን አንድ ኮምፒዩተር በእርዳታ መምጣቱን ነግሬሽ ነበር። ከቁንዝላና ከሌላውም ዳርቻ በጀልባ የሚገባው ዓሣ ሁሉ የሚመዘገበው በእሱ ነው። እኔ የመዝገብ ቤት ኀላፊ ነኝና «ይህም ያው መዝገብ ነው» ተብሎ ለእኔ ተሰጠ። በዚህ ዕድሜዬ የኮምፒዩተር ሞግዚት ሆንሁ ማለት ነው። የምትጽፍበት ታይፒስታችን ዘይነት ናት፤ የባለሱቁ የሙሀመድዘይን ልጅ፣ ጣቷ ፈጣን፣ ምላሷም ከጣቷ የማያንስ።

ችግሩ እንዲህ ነው። ጧት ስናበራው ደኅና ይሠራል። ፀሐይ ከፍ ስትል ማራገቢያው እንደ ጀልባ ሞተር መጮኽ ይጀምርና ስክሪኑ ባለበት ደርቆ ይቀራል። አጥፍተን ስናሳርፈው ይነሣል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይደርቃል። ከአዲስ አበባ መጥቶ ያየው ባለሙያ «አቧራ ነው፣ ይጠረግ» ብሎ በመጣበት አውሮፕላን ተመለሰ። በምን ይጠረግ? እንዴት ይከፈት? እሱን አልተናገረም። እንዳልነካው ፈራሁ፣ እንዳልተወውም ፈራሁ።

የምፈራበትን ምክንያት አልደብቅሽም። የጽሕፈት ቤቱ ኀላፊ አቶ አምሐ ቃል ገብተውልኛል። በመጪው ክረምት የኮምፒዩተር ትምህርትሽን ስትጨርሺ ምደባሽ እዚሁ ባሕር ዳር እንዲሆን፣ ከማሽኑ ፊት ያለውም ወንበር ያንቺ እንዲሆን ተስማምተዋል። ነገር ግን «ማሽኑ እስከዚያ ከሞተ የኮምፒዩተር ክፍል የሚባል ነገር አይኖርም» ብለዋል። እንግዲህ የዚህ ማሽን ጤና ያንቺ መምጫ ነው። ስለ አቧራው ምከሪኝ፤ ስለ ወንበሩም ሐሳብሽን ጻፊልኝ።

አጎትሽ ዳኘው


ድሬስደን፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለጋሼ ዳኘው፣

እንደምን ከረሙ? እማማ ባንቺአየሁስ እንደምን ናቸው? የዚህ አገር ብርድ ቢበረታም እኔ በእናንተ ጸሎት ደኅና ነኝ። ለእማማ አልከሳሁም ይበሉልኝ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት የማደሪያችን ደረጃ ላይ ቆሜ ነው፤ «ሞግዚት» ያሉት ጋ ስደርስ ብቻዬን ስስቅ ያዩኝ ልጆች ምን ሆነች ብለው ዞሩ።

ጋሼ፣ አደራ፣ ገና እንዳይከፍቱት። በእርጥብ ጨርቅም ማንም እንዳይነካው። በአፋችሁ እፍ እንዳትሉበትም፤ ከትንፋሽ ጋር ምራቅ ይገባል፣ ምራቅ ደግሞ ውስጡ ያሉትን ቀጫጭን የብረት መስመሮች ይበላቸዋል። ከሆቴል አቧራ የሚስበውን ማሽን እንዋስ የሚል ሰው ካለም እሱ ለምንጣፍ ነው ይበሉት። አፉ አቧራውን ሲስብ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፣ ያ ኤሌክትሪክ ለእጅ አይሰማም እንጂ ኮምፒዩተር ይገድላል።

ከዚያ በፊት ግን የምጠይቅዎት አለ። ኮምፒዩተር እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ቀዝቃዛ አየር በፊቱ ስቦ ሙቁን በጀርባው ያወጣል። መተንፈሻው ከታፈነ አቧራውን ብንጠርገውም መልሶ መታመሙ አይቀርም። ስለዚህ የት እንዳስቀመጣችሁት ይጻፉልኝ። ከመስኮቱ ይርቃል? ጀርባው ግድግዳ ተጠግቷል? ከላዩስ ምን አለ?

መልስዎን እጠብቃለሁ። እማማን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ አገርነሽ


ባሕር ዳር፣ ጥር 26 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለአገርነሽ፣

ሰላምታችን ብዙ ነው፣ ወረቀቱ አይበቃውም። ጥምቀትን በሰላም አሳለፍን። ባንቺአየሁ ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ለቀቃት።

ለጥያቄሽ ልመልስ። ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ መስኮቱ ሥር፤ ሐይቁን እያየ ይሠራል። ነፋስ ሲነሣ የመንገዱ አፈር በመስኮቱ ይገባል፤ ወደ ማታ ደግሞ ከሐይቁ የሚነሣው ትንኝ ስክሪኑን መብራት ነው ብሎ ይሰፍርበታል። ጀርባው ግድግዳ ነክቷል፣ ገመዱ ሰው እንዳይጠልፍ ብለን ነው።

ከላዩ ምን አለ ብለሻል። እንዴ፣ ራቁቱን እናስቀምጠው መሰለሽ? ባንቺአየሁ ለቤታችን ሬዲዮ ከሠራችው የበለጠ ዳንቴል በኪሮሽ ሠርታለታለች። ነጭ ነው፣ ዙሪያውን ዘርፍ አለው፣ መካከሉ ላይ ዓሣ አለበት። አቧራ በክሩ ቀዳዳ እንዳያልፍ ከሥሩ ላስቲክ አልብሰነዋል። ስናሠራውም አናወልቅለትም፤ ፊቱን ብቻ እንደ መጋረጃ ገለጥ አድርገን እንሠራለን። ከመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ሁሉ እንደ እሱ የተከበረ የለም። ባንቺአየሁ ጠበልም ልርጭበት ብላ ነበር፣ እሱን እንኳ ከለከልኋት። ያንቺን ምክር ሳልሰማ ውሃ መከልከሌን መዝግቢልኝ።

ስለ አቧራው መለስሽልኝ። ስለ ወንበሩ ግን አንድ ቃል አልጻፍሽም። ደብዳቤሽን ገልብጬ ጀርባውንም አየሁት፣ ባዶ ነው። አቶ አምሐ በየሳምንቱ ይጠይቁኛል፤ እኔም «ፖስታው ዘግይቶ ነው» እላለሁ።

አጎትሽ ዳኘው


ድሬስደን፣ የካቲት 25 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለጋሼ ዳኘው፣

እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሳችሁ። የእማማ ጉንፋን ተመልሶ እንዳይመጣ ይጠንቀቁላቸው።

ጋሼ፣ ስለ ዳንቴሉ ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። የሳቅኩት ይገባዎታል። ያለቀስኩት እማማ ያን ዓሣ ሲሠሩ ስለታዩኝ ነው። ግን ልንገርዎት፤ ማሽኑን የሚያፍነው ዳንቴሉና ላስቲኩ ነው። በጋቢ ተጠቅልሎ ፀሐይ ላይ የሚሮጥ ሰው በሉት። ሲሠራ ራቁቱን ይሁን። ማታ ከጠፋና በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ዳንቴሉን ያልብሱት፣ ጧት ከማብራታችሁ በፊት ይውለቅ። ላስቲኩን ይጣሉት። ጀርባውን ከግድግዳው ክንድ ያህል ያርቁት፣ ከመስኮቱም ያሽሹት። ለእማማ ሲነግሯቸው በቀስታ ይሁን፤ የእሳቸው ጥፋት አይደለም፣ ማንም አልነገራቸውም።

አሁን መክፈት ይችላሉ። ነፋስ በሌለበት ጧት፣ ደረቅ ቀን ይምረጡ። መጀመሪያ ያጥፉት፣ ቀጥሎ ገመዱን ከሶኬቱ ይንቀሉና እስኪቀዘቅዝ ይተዉት። ናይሎን ሹራብ ለብሰው እንዳይቀርቡት፤ ሲወልቅ እንደሚንጣጣው ያለ እሳት ነው የሚገድለው። ውስጡን ከመንካትዎ በፊት ቀለም ያልተቀባውን የሣጥኑን ብረት ይንኩ፣ በመካከልም እየደጋገሙ ይንኩት። ብሎኖቹን በካቻቢቴ ሲፈቱ በሳሕን ላይ እንደ ቦታቸው ይደርድሯቸው። ብሩሹ ለስላሳ፣ ደረቅ፣ ከእውነተኛ ፀጉር የተሠራ ይሁን፤ ሰሌዳዎቹን በኀይል አይፈትጉ፣ አቧራውን ወደ ውጭ ያባብሉት እንጂ። አየር የሚነፋ ቆርቆሮ እዚህ አለ፣ በፖስታ ግን አይልኩትም። ባሕር ዳር የብስክሌት ፓምፕ አይጠፋም። መጀመሪያ ነጭ ወረቀት ላይ ይንፉና ዘይት ወይም ውሃ የሚተፋ መሆኑን ይዩ። ንጹሕ ከሆነ ከስንዝር በላይ አርቀው፣ ቆረጥ ቆረጥ እያደረጉ ይንፉ። ያን ጊዜ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር አንድ ሰው በእንጨት ይያዘው፤ በነፋስ ከበረረ ይበላሻል።

ሁለት ነገር ግን በፍጹም እንዳይከፍቱ። አንዱ ስክሪኑ ነው፤ ገመዱ ተነቅሎም ውስጡ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ይቀራል። ሌላው ገመዱ የሚገባበት የታሸገው የብረት ሣጥን ነው። እነሱን በውጭ በደረቅ ብሩሽ ብቻ። ማሽን ሌላ ይገኛል ጋሼ፣ እርስዎ ግን አይገኙም።

ስለ ወንበሩ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ልጅዎ አገርነሽ


ባሕር ዳር፣ መጋቢት 30 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለአገርነሽ፣

ጤናሽን፣ ሰላምሽን፣ የበረዶውንም መቅለጥ እንመኛለን። ዛሬ የምጽፍልሽ ረጅም ነው፤ ሻይ አፍልተሽ አንብቢው።

በመጀመሪያ ስለ ዳንቴሉ ለባንቺአየሁ ነገርኋት። በቀስታ ነበር፤ አንቺ እንዳልሽው። ሰማችኝና «እና እኔ ነኛ ያነቅሁት?» አለች። አይደለም ብል አልሰማ አለች። ማታ ማታ እንደምናለብሰው ስነግራት ግን «የሌሊት ልብሱ ነው በለኛ!» ብላ ቀለል አላት።

ቀጥሎ አቶ አምሐን ፈቃድ ጠየቅሁ። ራሳቸውን አከኩና «ዳኘው፣ ከዳነ እኔ ነኝ ያዘዝሁህ፤ ከሞተ ግን አልሰማሁም» አሉኝ። ፈቃድ እንዲህ ነው እንግዲህ። ብሩሹን ዘይነት ከአባቷ ሱቅ አመጣች፤ ያልተነካ የጢም ብሩሽ። ክንዱ ከሚባለው ብስክሌት ጠጋኝ ሁለት ፓምፕ ተዋስን። የመጀመሪያው ፓምፕ ነጩ ወረቀት ላይ ጥቁር ዘይት ተፋበት፤ ሁለተኛው ንጹሕ ሆነ። ያን ሳላይ ማሽኑ ላይ ነፍቼ ቢሆን ኖሮ!

ቅዳሜ ጧት ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። በረንዳው ላይ ንጹሕ አንሶላ አነጠፍን። ያልሽውን ሁሉ ዘይነት ከደብዳቤሽ ጮክ ብላ እያነበበች፣ እኔ እየሠራሁ። ሹራቤን አስወለቀችኝ፣ ብረቱን አስነካችኝ። ጥቂት በቆየሁ ቁጥር «ጋሼ፣ ብረቱን!» ትለኛለች። ክዳኑ ሲነሣ ሁለታችንም ወደ ኋላ አልን። አገርነሽ፣ ያ አቧራ አይደለም፣ ብርድ ልብስ ነው። አፈሩና የደረቀው ትንኝ አንድ ላይ ተጋግሮ ማራገቢያውን ሸፍኖታል፤ ጥግ ላይ አንዲት ሸረሪት ቤት ሠርታ ትኖራለች። ዘይነት «ይቺ ከእኛ ቀድማ የተቀጠረች ናት» አለች።

ማራገቢያውን ዘይነት በክብሪት እንጨት ያዘች፣ እኔ ነፋሁ። አቧራው ወደ ሐይቁ ሄደ። በብሩሹ አባበልሁት፣ ልክ አንቺን በልጅነትሽ ጸጉርሽን አበጥርልሽ እንደነበረው፤ ከነካሁሽ ታለቅሺ ነበርና። የከለከልሻቸውን ሁለቱን አልከፈትሁም። ብሎኖቹን እንደ ቦታቸው መለስናቸው፣ አንድም አልተረፈ።

ከዚያ ወደ ክፍሉ አስገብተን ገመዱን ሰካሁና ማብሪያውን ተጫንሁ። ምንም የለም። ደግሜ ተጫንሁ። ድምፅ የለ፣ መብራት የለ። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። ያን ጊዜ በልቤ ያልሁትን ልንገርሽ፤ «ገደልሁት» አላልሁም። «መምጫዋን ዘጋሁባት» አልሁ። ዘይነት ድንገት ጆሮዋን አቀናችና «ጋሼ፣ ወፍጮው አይሰማም እኮ!» አለችኝ። እውነትም ከማዶ ያለው የእህል ወፍጮ ዝም ብሏል። ለካ መብራት ጠፍቷል! በቀን ብርሃን ማን አምፑል ያያል? ወፍጮው እስኪነሣ ጠበቅን። እንደተነሣ ማሽኑም ተነሣ። ማራገቢያው ድምፁ እንደሌለ ሆነ፤ ቀኑን ሙሉ ሠራ፣ አልደረቀም። እኔ ዞር ብዬ በመስኮቱ ሐይቁን የማይ መስዬ አለቀስሁ።

አሁን ማሽኑ ጤነኛ ነው። ወንበሩም አለ። ልጄ፣ ምን አሰብሽ?

አጎትሽ ዳኘው


ድሬስደን፣ ሰኔ 6 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለጋሼ ዳኘው፣

በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በዓለ ሃምሳም አለፈ፣ እንኳን አደረሳችሁ እንኳ አላልኩም። ፈተና ነበረብኝ፤ ግን የዘገየሁት በፈተናው አይደለም፣ የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው።

ደብዳቤዎን ለክፍል ጓደኞቼ ተርጉሜ አነበብኩላቸው። የጢም ብሩሹና ፓምፑ አስደነቃቸው። እኔ ግን ተቀምጠው መብራት የጠበቁበት ቦታ ላይ ስደርስ ማንበቡን አቆምኩ። ከእንግዲህ በሦስት ወር አንዴ እንዲሁ አድርጋችሁ ጥረጉት። ትንኙ በሚበዛበት ጊዜ መስኮቱ ይዘጋ።

ጋሼ፣ ፕሮፌሰሬ ሌላ ሁለት ዓመት ቆይቼ ትምህርቴን እንድቀጥል ጠይቀውኛል። ከኤምባሲያችንም ፈቃድ እንደሚያገኙልኝ ነግረውኛል። እስካሁን እሺም እንቢም አላልኳቸውም። እርስዎ ከጻፉልኝ እንደተረዳሁት ዘይነት ማሽኑን ከእኔ ባልተናነሰ አውቃዋለች። የሚያስፈልገው ማሽኑን የሚጠብቅ ሰው ከሆነ ያ ሰው እዚያው አለ። የእኔ መምጣት ምን ይጨምራል? በቁጣ አይደለም የምጠይቅዎት። በእውነት ማወቅ ፈልጌ ነው።

ልጅዎ አገርነሽ


ባሕር ዳር፣ ሐምሌ 8 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለአገርነሽ፣

እንኳን ለሐምሌ ሥላሴ በሰላም አደረሰሽ። ክረምቱ ገብቷል፣ ሐይቁ ሞልቷል። ሁላችን ደኅና ነን።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ አቶ አምሐ ዘንድ ሄድሁ። «ትመጣለች ወይስ አትመጣም?» አሉኝ። አላውቅም አልሁ። «እንግዲያ ወንበሩን ምን እናድርገው?» አሉ። «ለዘይነት ይሰጣት» አልሁ። እኔው በቃሌ መሰከርሁላት፣ እሳቸውም ተቀበሉ። ዘይነት «የአገርነሽን ቦታ አልወስድም» ብላ አኮረፈችኝ። አልወሰድሽም፣ ተሰጠሽ እንጂ ብዬ ስለምናት በመጨረሻ ተቀመጠችበት። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ የሚጠብቅሽ ሥራ የለም። ምደባሽ የትም ሊሆን ይችላል፤ እዚያው ቆይተሽ ብትማሪም ጥሩ ነው። በእኔ የተነሣ የሚቀርብሽ ነገር እንዳይኖር ብዬ ነው ይህን ያደረግሁት።

ይህን ሁሉ ጽፌ ደብዳቤውን ላሽግ ስል ባንቺአየሁ «አንብብልኝ» አለች። አነበብሁላት። አዳመጠችና «አንተ ሰውዬ፣ ዘንድሮን ሙሉ ልጂቱን በዓሣ መዝገብ ነው የምትጠራት? አፍ የለህም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ወንበር አለ፣ ማሽን አለ፣ አቶ አምሐ ጠየቁ እያልሁ ስጽፍልሽ ከረምሁ፤ የሚያፍር ሰው ሌላ ሰው ልኮ እንደሚያስጠይቀው። አሁን ወንበሩ ስለሄደ የምልከው አማላጅ የለኝም። ራሴ እጽፈዋለሁ።

አገርነሽ፣ ናፍቀሽኛል። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ያሳደግሁሽ ልጄ ነሽ፤ ካንቺ ሌላ ልጅ የለንም። ማታ በሩ ሲንኳኳ ባንቺአየሁ ሁልጊዜ ቀድማኝ ትነሣለች፣ አንቺ አለመሆንሽን እያወቀችም። መማር ከፈለግሽ ተማሪ፣ ምርቃቴ ካንቺ ጋር ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ነይ። ለምንም ሥራ አይደለም። ነይልኝ።

አጎትሽ ዳኘው


ድሬስደን፣ ነሐሴ 11 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለጋሼ ዳኘውና ለእናቴ ለእማማ ባንቺአየሁ፣

ሰላምታዬን በአካል ስለማቀርብ እዚህ አላስረዝመውም። ከጳጉሜ በፊት አዲስ አበባ እገባለሁ፤ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ እናንተ። ምደባዬን እዚያ ከደረስኩ በኋላ እናየዋለን፤ ጎጃም ውስጥ ኮምፒዩተር ባይገኝ ሒሳብ አስተምራለሁ።

ለዘይነት እንኳን ደስ አለሽ በሉልኝ። በሁለት እጇ ይዛ ትሥራ፣ አልቀየምኩም፤ እንዲያውም ወንበሩ ከመካከላችን በመነሣቱ ደስ ብሎኛል። ጋሼ፣ ዘንድሮ የላኩልኝን ደብዳቤዎች ሁሉ «ነይ» የሚል ቃል ፍለጋ ደጋግሜ አንብቤአቸዋለሁ። የማገኘው ግን «ማሽኑ» የሚለውን ነበር። የምፈለገው ለሙያዬ ከሆነ ሙያዬን እዚህም የሚፈልገው አለ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

ትናንት ለፕሮፌሰሬ አልቆይም አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁና «አገርሽ የተሻለ ሥራ አገኘሽ?» አሉኝ። የለም፣ የነበረኝንም ለሌላ ሰው ሰጡት አልኳቸው። ግራ ገባቸው። «ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው የምትሄጂው?» አሉኝ።

«አባቴ ነይ አሉኝ» አልኳቸው።

ልጃችሁ አገርነሽ